የጋራ የሆነውን ማን ይጠብቃል?
ከሶዶ ጌጠኛ ድንጋይ እስከ ሁምቦ ደን

ኢኮኖሚክስ ሰው የሚገለገልባቸውን ነገሮች ሁሉ በሁለት ጥያቄ ይለያቸዋል። አንደኛው፣ ያልከፈለን ሰው ከጥቅሙ ማስቀረት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንዱ ሲጠቀም ለሌላው የሚተርፈው ይቀንሳል ወይ የሚል ነው። ወላይታ ሶዶ ገበያ ላይ የሚሸጥ አንድ ኩንታል በቆሎ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሱ አዎ ነው። ገንዘብ ያልከፈለ አይወስደውም፤ አንዱ ከወሰደው ደግሞ ሌላው ሌላ ኩንታል መፈለግ አለበት። እንዲህ ያለው ነገር የግል ሸቀጥ ነው፤ ገበያም ያለ ብዙ ችግር ያቀርበዋል። ከዚያው ከተማ የሚሰራጨው ወጌታ ኤፍ ኤም 96.6 ግን በሁለቱም መለኪያ የተለየ ነው። ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሺህ አድማጭ ቢጨመርም የነባሮቹ ድምፅ አይቀንስም። ይህ የሕዝብ መጠቀሚያ ይባላል። የመንገድ መብራት፣ የወባ ቁጥጥር፣ የአገር መከላከያ፣ የሰፈር ጸጥታ ሁሉ የሚመደቡት በዚህ ወገን ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሌሎች ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ለአባላት ብቻ የሚከፈት፣ አባላቱ ግን ሳይሻሙ የሚገለገሉበት ነው፤ እድር ጥሩ ምሳሌው ነው። ሌላው ማንንም ለመከልከል የሚያስቸግር፣ ነገር ግን በተወሰደ ቁጥር የሚያልቅ ነው። የአባያ ሐይቅ ዓሣ፣ የሁምቦ ተራራ ማገዶ፣ የቀበሌው የግጦሽ ሜዳ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ እንዲህ ናቸው። እነዚህ የወል ሀብት ይባላሉ። ከአራቱ ወገኖች ሁሉ በቀላሉ የሚጠፋው ይኸኛው ነው፤ ሁሉም ይወስዳል፣ የሚተካው ግን አይገኝም።

የወላይታ ዞን ለዚህ ጉዳይ ከብዙ ቦታዎች የተሻለ መማሪያ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ነበር። የቆዳ ስፋቱ ደግሞ 4,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው፤ በአብዛኛው ገጠር ለሆነ አካባቢ ይህ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። መሬት በጠበበ ቁጥር በግል ያልተያዘች እያንዳንዷ ጥግ ትፈለጋለች። ተራራው፣ የወንዙ ዳር፣ የሜዳው ሣር የማን እንደሆነ፣ ማንስ እንደሚጠብቀው ሳይወሰን ውሎ ማደር አይችልም።

አርባ ቤት፣ አንድ መንገድ

ሳያዋጡ የመጠቀም ችግር ከሁሉ በፊት የሚታየው በሰፈር ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጌጠኛ ድንጋይ ሲነጠፍ ነዋሪው ከወጪው የተወሰነውን እንዲያዋጣ ይጠየቃል። አንድ ሰፈር ውስጥ አርባ አባወራ አለ እንበል። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ከተነጠፈ እያንዳንዱ ቤት የሚያገኘው ጥቅም በገንዘብ ሲተመን 8,000 ብር ነው። ክረምት ጭቃ አይኖርም፣ ባጃጅ በር ድረስ ይገባል፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ አትወጣም፣ የቤቱም ዋጋ ከፍ ይላል። ከእያንዳንዱ ቤት የሚጠየቀው መዋጮ 5,000 ብር ነው። ሁሉም ቢያዋጣ ሁሉም 3,000 ብር ያተርፋል። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም።

አሁን አንዱ አባወራ ብቻውን ቢያስብ ስሌቱ ይለወጣል። እሱ ባያዋጣ መንገዱ የሚያጥረው ከአርባ አንድ እጅ ብቻ ነው። ከ8,000 ብሩ ጥቅም የሚጎድልበት 200 ብር ሲሆን፣ በኪሱ የሚቀረው ደግሞ 5,000 ብር ነው። ጎረቤቶቹ ቢከፍሉም ባይከፍሉም ስሌቱ ያው ነው፤ አለመክፈል ሁልጊዜ ያዋጣዋል። ይህን ስሌት አርባውም ከሠሩት ግን ድንጋይ አይነጠፍም፤ 5,000 ብር ያዳኑ መስሏቸው 8,000 ብር ያጣሉ። እዚህ ላይ ክፉ ሰው አላስፈለገም፤ ሞኝም አላስፈለገም። ለየራሱ በትክክል ያሰበ ሰው ሲበዛ የሁሉም ውጤት ይበላሻል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደብተሩን ይዞ በየበሩ ሲዞር «ሌላው ይክፈልና እኔም እከፍላለሁ» የሚለው መልስ የሚደጋገመውም ለዚህ ነው። የሚመልሰው ሰው ብዙ ጊዜ ከልቡ ነው፤ ብቻውን ከፍሎ መቅረትን ይፈራል።

የጊፋታ በሬ ግን ይህ ችግር የለበትም። በወላይታ የዘመን መለወጫ ለሆነው ለጊፋታ በዓል ወንዶች በቡድን ሆነው ቀደም ብለው ገንዘብ እያጠራቀሙ በሬ ይገዛሉ፤ በዓሉ ሲደርስ አርደው ቅርጫውን ይከፋፈላሉ። ያላዋጣ መደብ አይደርሰውም። ሥጋው በመደብ ስለሚከፋፈል መዋጮው ራሱን በራሱ ያስከብራል። መንገድ በመደብ አይከፋፈልም፤ ያላዋጣው ሰው ጫማ ከከፋዩ ጫማ ጋር እኩል ከጭቃ ይድናል። ለበሬ መዋጮ አንድም ቀን ያልዘገየ ሰው ለመንገድ መዋጮ ሲያመነታ ቢታይ ጸባዩ ተለውጦ አይደለም። የተለወጠው የሚገዛው ነገር ዓይነት ነው።

ይህን ችግር ፈላስፎች ከኢኮኖሚስቶች በፊት አይተውታል። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም በ1739 እና 1740 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሁለት ጎረቤቶች ውሃ የተኛበትን ሜዳቸውን ለማጠንፈፍ በቀላሉ እንደሚስማሙ፣ ሺህ ሰዎች ግን ለዚያው ሥራ ለመስማማት እጅግ እንደሚቸገሩ ጽፏል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ቢቀር ሥራው መቅረቱን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሺህ ሲሆኑ እያንዳንዱ ሸክሙን በሌላው ላይ መጣል ይቃጣዋል። አሜሪካዊው ፖል ሳሙኤልሰን በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ መጠቀሚያን በሒሳብ ተንትኖ ገበያ ብቻውን በቂ አድርጎ እንደማያቀርበው አሳየ። ማንከር ኦልሰን ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፣ ቡድን በሰፋ ቁጥር የጋራ ጥቅምን ማስጠበቅ እንደሚከብድ፣ ሰዎችን ለማንቀሳቀስም ግዴታ ወይም ለከፋዩ ብቻ የሚሰጥ ልዩ ጥቅም እንደሚያስፈልግ አስረዳ።

ግብር፣ ጉልበትና ጥር ወር

የመጀመሪያውና ጥንታዊው መፍትሔ መንግሥት ነው። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ ንጉሡ ካዎ ጦና ከመማረካቸው በፊት የራሱ ነገሥታት የነበሩት አገር ነበር። ከዚያ ዘመን ከቀሩት ቅርሶች አንዱ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው የአማዶ ኬላ የድንጋይ ካብ ነው። እንዲህ ያለ ካብ የሕዝብ መጠቀሚያ ለመሆኑ ማስረጃ አያሻውም። ጠላትን ሲመልስ ድንጋይ ያቀበለውንም ያላቀበለውንም እኩል ይጠብቃል። በፈቃድ መዋጮ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ከተራራው ባልወረደ ነበር፤ የሚያዝ ንጉሥ፣ የሚታዘዝ ጉልበት አስፈልጎታል። የዛሬው ግብርም ሥራው ይኸው ነው። ማንም ሰው ለመከላከያ ሠራዊት ወይም ለወባ ርጭት በፈቃዱ እየተመነ እንዲከፍል አይጠየቅም፤ ሁሉም በሕግ ይከፍላል፣ ሁሉም ይጠቀማል።

ጉልበትም በግብር መልክ ይሰበሰባል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በሰፊው በተያዘው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ፣ አርሶ አደሩ በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል፣ ጎርፍ መቀልበሻ ይቆፍራል። ወላይታም የዘመቻው ተሳታፊ ነው። ዘመቻው ሳያዋጡ የመጠቀምን ችግር በአንድ በኩል ይፈታል፤ የቀረ ሰው ስሙ ተመዝግቦ ይቀጣል። በሌላ በኩል ግን የሚቆጠረው የተገኘው ሰውና የተሠራው ሜትር ነው። እርከኑ በሁለተኛው ክረምት ሲናድ ማን ያነሳዋል የሚለው ሳይመለስ ይቀራል። በግል ማሳ ላይ የተሠራውን ባለማሳው ይጠግነዋል፤ በጋራ ተዳፋት ላይ ያለው ግን ቀጣዩን ጥር ይጠብቃል። በግዴታ መሥራት ይቻላል፤ ሁልጊዜ መጠበቅ ግን በግዴታ አይዘለቅም።

የተዘነጋው ተራራ

የወል ሀብት ጉዳይ በዓለም ላይ መነጋገሪያ የሆነው አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ነው። ለሁሉም ክፍት በሆነ ሜዳ ላይ እያንዳንዱ ከብት አርቢ አንድ በሬ ቢጨምር ትርፉ የእሱ ብቻ ሲሆን፣ የሣሩ መመናመን ግን ለሁሉም ይከፋፈላል። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ ሜዳውም ይራቆታል። ሃርዲን መድኃኒቱ ወይ የመንግሥት ቁጥጥር ወይ የግል ይዞታ ነው አለ። ለብዙ ዓመታት መንግሥታትም ለጋሾችም ይህን እንደ መጨረሻ ቃል ወስደውት ቆዩ።

ከሶዶ በስተደቡብ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጠበላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማዋ በላይ ያሉት ተራሮች የሃርዲን ሜዳ የደረሰበት ዕጣ ደርሶባቸው ነበር። ደኑ በከሰል፣ በማገዶ፣ በግጦሽ ተመናመነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ እንዲህ ያለ ተራራ በሕግ የመንግሥት ነበር። በተግባር ግን ጠባቂ አልነበረውም። መንግሥት ሩቅ ነው፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ የእሱ ያልሆነውን ዛፍ ለነገ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አልነበረውም። እሱ ቢተወው ሌላው ይቆርጠዋል። ውጤቱ በክረምት ታየ። ዝናቡን የሚይዝ ሥር ሲጠፋ ጎርፍ አፈሩን ይዞ ወደ ታችኛው ማሳ ወረደ፣ ምንጮች ደከሙ። ተራራው ላይ የተቆረጠው ዛፍ ሒሳብ የሚከፈለው ከተራራው ሥር፣ ምናልባት አንድም ዛፍ ባልቆረጠ ሰው ማሳ ላይ ነው።

በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከአካባቢው ነዋሪና ከመንግሥት ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር የሚሆነውን ይህን ተራራ መልሶ ማልማት ጀመረ። ዘዴውን በኒጀር ለረጅም ጊዜ የሠራው አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ነው ያስተዋወቀው። መሠረቱ ቀላል ነው። የተቆረጠ ዛፍ ሁሉ የሞተ ዛፍ አይደለም፤ ጉቶው ከመሬት በታች ሥሩ ሕያው ሆኖ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ ከብትና መጥረቢያ ግን አያሳድጉትም። አርሶ አደሩ ከአንድ ጉቶ ዙሪያ ከፈሉት ብዙ ቀንበጦች መካከል ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ይመርጣል፤ የቀሩትን ይመለምላል፤ የተመረጡትን የታችኛውን ቅርንጫፍ እየቆረጠ ወደ ላይ ይመራቸዋል። የተመለመለው ለማገዶ ይውላል። ከብት ወደ ክልሉ አይገባም፤ ሣሩ ግን በማጭድ ታጭዶ ወደ ቤት ይወሰዳል። የዓለም ባንክ እንዳስታወቀው ከአካባቢው ደን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ያገገመው ከነዚህ ነባር ጉቶዎች ነው። ችግኝ ማፍያም ሆነ የተከላ ዘመቻ ያስፈለገው ለቀረው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የዕፅዋት ዕውቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሃርዲን ሜዳ ባልተለወጠ ነበር። በደንብ ያደገ ቀንበጥ ለሌባም የበለጠ ይጥማል። ወሳኙ የመብት ጉዳይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ነዋሪው መሬቱ ሊወሰድበት ነው ብሎ መጠርጠሩ አልቀረም፤ ተራራ ሲከለል ያየ ገበሬ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላ በተራራው ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ለእያንዳንዱ ማኅበር የተለየ የደን ክልልና በሕግ የታወቀ የመጠቀሚያ መብት ተሰጠው። ድንበሩ ታወቀ፣ አባሉም ታወቀ። ማኅበራቱ የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ መቼ ሣር እንደሚታጨድ፣ ምን ያህል ማገዶ እንደሚወጣ፣ የጣሰ ምን እንደሚቀጣ ወሰኑ፤ ጠባቂም አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ለሌላው የተረፈ ቀንበጥ አልነበረም፤ የተረፈው ለማኅበሩ ነው፣ ማኅበሩም እነሱ ናቸው።

ገንዘቡ የመጣው ከሌላ የሕዝብ መጠቀሚያ ነው። ዛፍ ከአየር ላይ ካርቦን ይይዛል፤ የተረጋጋ የአየር ንብረት ደግሞ ከሁሉም የሰፋ የሕዝብ መጠቀሚያ ነው፤ ከጥቅሙ የሚቀር አገር የለም። ለዚህም ነው ማንም አገር ብቻውን ሊከፍልለት የማይቸኩለው። የኪዮቶ ስምምነት ይህን ለማስተካከል ካመጣቸው ዘዴዎች በአንዱ፣ የተያዘ ካርቦን በገንዘብ በሚሸጥበት ሥርዓት፣ የሁምቦ ፕሮጀክት በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. አካባቢ ተመዘገበ፤ በዚህ ሥርዓት በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ሲገመት፣ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ሊገዛ ተስማማ። ክፍያው ለማኅበራቱ እየደረሰ የእህል ወፍጮና የእህል ማከማቻ መጋዘን ተሠራበት። የወፍጮው ጉዳይ ቀላል አይደለም። ደን ጥቅሙ የሚዘገይ ነገር ነው፤ የአባላት ትዕግሥት ከማለቁ በፊት ዓይን የሚያየው፣ እናቶች እህል የሚያስፈጩበት ጥቅም መገኘቱ ደንቡን አጸናው። ከሶዶ ከተማ በላይ፣ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዳሞታ ተራራ ላይ 503 ሄክታር በሚሸፍን ቦታም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል።

ወጪውም መነገር አለበት። ክልል ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዳው መሬት የሌለው፣ ከተራራው ማገዶ ለቅሞ ወይም ከሰል አክስሎ የሚያድር ሰው ነው። እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የወል ሀብትን ማኅበር መጠበቅ የሚችለው የውጭ ሰውን መከልከል ሲችል ነው፤ የሚከለከለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም ድሃው ነው። ማኅበሩ እንዲህ ያሉትን አባል አድርጎ የሣሩንና የምልምሉን ድርሻ ካልሰጣቸው፣ ደኑ ቢድንም ፍትሑ አልዳነም፤ በሌሊት መጥረቢያ የሚይዘውም ከደንቡ ውጭ የተተወው ሰው ነው።

ኦስትሮም ያየችው፣ መንዝ ያወቀው

የሃርዲንን ሁለት ምርጫዎች በማስረጃ የሞገተችው አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ፣ የጃፓንን የመንደር ደን፣ የስፔንን የመስኖ ማኅበራት እየመረመረች፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የወል ሀብትን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው እንደኖሩ አሳየች። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የሚዘልቁት ማኅበራት ድንበራቸውና አባላቸው ይታወቃል፤ ደንቡን የሚያወጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ የሚጠብቀው ተጠያቂነቱ ለእነሱ ነው፤ ቅጣቱ ከቀላል ይጀምራል፣ ለደጋሚ ይከብዳል፤ ጠብ ሲነሳ በቅርብ የሚዳኝ አለ፤ መንግሥትም መብታቸውን ያውቅላቸዋል። ሃርዲን ያየው ሜዳ ባለቤትና ደንብ ያለው የወል ሀብት ሳይሆን ባለቤት የሌለው ሜዳ ነበር፤ የኦስትሮም ሥራ ይህን ልዩነት ግልጽ አድርጎታል።

በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ሥርዓት ከመጽሐፉ ብዙ ዘመን ቀድሞ ይህን ይሠራበት ነበር። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚውለው የጓሳ ሣር ለዓመታት ተከልሎ ይቆያል፤ ቄሮ በተባለው ነባር ሥርዓት የተመረጠው አባ ቄራ ሲፈቅድ ብቻ ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ የተጠለሉበት ይህ ደጋ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነባሩ ሥርዓት ሲፈርስ ክፉኛ ተጎዳ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተዋቅሮ መልሶ አቆመው። መብቱ ሲነሳ ሣሩ ተጎዳ፣ መብቱ ሲመለስ ሣሩ ተመለሰ።

ለመንግሥት ዕውቅና ደግሞ የሕግ መንገድ ተከፍቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የይዞታ ዓይነት አውቋል። ሁምቦ በፕሮጀክት ያገኘውን ሌላው ተራራ በሕግ ሊጠይቀው ይችላል።

ሰው ሁሉ ራሱን ብቻ ያስባል የሚለው መነሻም ቢሆን በኢትዮጵያ ተፈትኗል። ደቬሽ ሩስታጊ፣ ስቴፋኒ ኤንግልና ሚካኤል ኮስፌልድ በ2010 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት በባሌ የሚገኙ 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖችን፣ 679 አባላትን በሙከራ ፈተኑ። ሌላው ካዋጣ የሚያዋጣ፣ ሌላው ከቀረ የሚቀር ሰው ከተሳታፊዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ነበር፤ ሌላው ምንም ቢያደርግ ምንም የማያዋጣው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ሌላው ካዋጣ የሚያዋጡት በበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ነበር፤ እነሱም ደኑን በመጠበቅ የበለጠ ጊዜ ያጠፉ ነበር። በሰፈር መዋጮ «ሌላው ይክፈልና እኔም እከፍላለሁ» የሚለው ሰው እንቢተኛ ሳይሆን ማረጋገጫ የሚጠብቅ ነው። ኮሚቴው የከፋዮችን ስም ዝርዝር በአደባባይ ቢለጥፍለት፣ ገንዘቡም ሥራው ካልተጀመረ እንደሚመለስለት ቢያውቅ ብዙ ጊዜ ይከፍላል።

እድሩ ለምን ይዘልቃል?

መንግሥት ሳያዝ፣ ለጋሽ ሳይከፍል በወላይታ ለዓመታት የሚሠራው ተቋም እድር ነው። አባሉ በየወሩ ያዋጣል፤ ሞት ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚውና ድስቱ ይመጣል፣ ሰው ይሰበሰባል። በቀብር ያልተገኘ ይቀጣል፤ መዋጮ ያስቆለለ ከመዝገብ ይሰረዛል። እድር ሳያዋጡ የመጠቀምን ችግር የሚያሸንፈው ከጥቅሙ ማስቀረት ስለሚችል ነው። ከቅጣቱም በላይ የሚሠራ ነገር አለ፤ በሌላው ሐዘን ያልተገኘ ሰው በእሱ ሐዘን ማን እንደሚመጣ ያውቃል። ዕቁብ ደግሞ ቀድሞ የወጣለት ሰው እንዳይጠፋ ዋስ ይጠይቃል። እነዚህን ተቋማት የሚያውቅ ሕዝብ የኦስትሮምን ደንቦች ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገውም። ቀላል የሆነው እድርን ለመንገድ፣ ለምንጭ፣ ለደን ማዋል ይመስላል፤ ሆኖም መንገዱ ከከፋዩ በር አልፎ ያላዋጣውም በር ስለሚደርስ የእድር ቅጣት ብቻውን አይበቃም። የገጠር ውሃ ኮሚቴ የሚሳካለት ቦኖውን አጥሮ በጀሪካን ሳንቲም ሲቀበል ነው፤ ምንጩን ወደ እድር ዓይነት አስጠግቶታል ማለት ነው። ገንዘቡ ለጥገና ካልተቀመጠ ግን ፓምፑ የቆመ ዕለት አጥሩም ደብተሩም ትርጉም ያጣሉ።

ደካማው ሲወስን

አንዳንድ የሕዝብ መጠቀሚያ የሚለካው በአዋጪዎች ብዛት ሳይሆን በአንድ ሰው ድክመት ነው። ኢኮኖሚስቱ ጃክ ሂርሽላይፈር በ1983 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ለይቶ አጥንቷል። ውሃ እንዳያጥለቀልቅ በሚታጠር ደሴት ላይ የሁሉም ቤት ደኅንነት የሚወሰነው በአጭሩ አጥር ነው።

በወላይታ ጓሮ ይህ በእንሰት ይታያል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚባለውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንሳዊ ጽሑፍ ለይተው አሳውቀዋል። በሽታው ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው ቢላዋ ነው። አንዲት ሴት የታመመ እንሰት ቆርጣ ቢላዋውን በእሳት ሳታቃጥል ወደ ጤነኛው ብትሻገር፣ ወይም ቢላዋውን ለጎረቤት ብታውስ፣ በሽታው አጥር አይከለክለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር ባለቤቱን ብዙ ዓመት የጠበቀውን ተክል ያሳጣዋል፤ ጥቅሙ ግን ለመንደሩ ሁሉ ነው። አርባ ጓሮ ቢጸዳና አንዱ ቢቀር በሽታው ከዚያ አንዱ ይነሳል። እዚህ አብዛኛው ሰው መተባበሩ አይበቃም፤ የመጨረሻው ጓሮ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚበጀው ቅጣት ሳይሆን እርዳታ ነው። ለታመመ እንሰቱ ምትክ ችግኝ ያላገኘ ደሃ ገበሬ ተክሉን ቢደብቅ አያስደንቅም።

ሐይቁ

ከሁሉም አስቸጋሪው የዞኑ ጉዳይ በደቡብ ምሥራቅ ያለው አባያ ነው። ከ1,100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው ይህ ሐይቅ የሦስት ክልሎች ዳርቻ ነው። በአንድ ወገን ወላይታና ጋሞ ያሉበት ደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሌላው ሲዳማ፣ በሌላው ኦሮሚያ። ከተራቆቱ ተዳፋቶች የተነሳ አፈር በብላቴ ወንዝና በሌሎች ወንዞች አማካይነት ይገባበታል፤ ውሃው ቀይ የመሰለው በዚሁ ደለል ነው። የጣናን ዳርቻ ያስጨነቀው እምቦጭም አባያ ደርሷል። አንድ ቀበሌ የራሱን ዳር ቢነቅል ነፋስና ማዕበል ከጎረቤት ያመጣበታል፤ ስለዚህ ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። ዓሣውም እንዲሁ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ጫጩት የሚይዝ ጠባብ መረብ የሚዘረጋውን በሌሊት የሚያስቆመው ግን ወረቀቱ አይደለም። አንዱ ዳርቻ መረቡን ቢያሰፋ የተወው ዓሣ በሌላው ዳርቻ ጠባብ መረብ ይገባል።

ሁምቦን ያዳኑት ነገሮች፣ የታወቀ ድንበር፣ የታወቀ አባል፣ የተጠቃሚ ደንብ፣ በውሃ ላይ ሲመጡ ከአንድ ወረዳ በላይ ናቸው። ተራራ ሰባት ማኅበር ይበቃዋል። ሐይቅ ግን የማኅበራት ኅብረት፣ ከዚያም በላይ የሦስት ክልሎች ስምምነት ይፈልጋል፤ አንድ ዓይነት የመረብ መጠን፣ አንድ የመራቢያ ወቅት እገዳ፣ አንድ የእምቦጭ ዘመቻ፣ ከላይ ባሉት ተፋሰሶች ደግሞ ደለሉን የሚያስቀር የጋራ ሥራ። የሦስቱ ክልሎች የግብርናና የውሃ ቢሮዎች ከአጥማጅ ማኅበራቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ይህን መፈረም አለባቸው፤ አባያ እየጠበቀ ያለው ይህን ፊርማ ነው።